የጥይት ቀለሃ ለመስቀልና ለጸናጽል ሲቀልጥ፦ አለያየቱ ላይ እንነጋገር

ሰምና ናስ (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልን። ከቁራሌው በኪሎ የተገዛ የጥይት ቀለሃ አቅልጬ በሰም ቅርጽ የእጅ መስቀልና ጸናጽል እሠራለሁ። ከአንድ ማዳበሪያ የወጣው ቀለሃ ግን ሦስት ዓይነት ናስ ይሰጠኛል። አንዱ መስቀል ጥርት ያለ ቢጫ ነው፤ ቀጥሎ የፈሰሰው ወደ ቀይ ያደላል፤ ሦስተኛው ላይ ሞረድ የማይበላው ጠጠር ብቅ ይላል። የጸናጽሉ ክፈፍና የሚጋጩት ስስ ዝርጎች ቀለማቸው አይገጥምም፣ ድምፁም የታፈነ ነው። ማቅለጫው 2 ኪሎ የሚይዝ ግራፋይት፣ እሳቱ የግራር ከሰል በኤሌክትሪክ ንፋስ።

ችግሩ እሳቱ ላይ ነው ወይስ ክምሩ ላይ? ቀለሃ እንዴት ነው የምትለዩት? ካፕሱሏስ፣ ማለቴ መርፌ የሚመታት ቂጡ ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን፣ ትውጣ ወይስ አብራ ትቅለጥ?

ወናፍ

ክምሩ ላይ ነው። እሳቱም ድርሻ አለው፣ ወደ እሱ እንመጣለን።

የጥይት ቀለሃ ናስ በአብዛኛው 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ከቁርጥራጭ ናስ ሁሉ የእሱን ያህል ይዘቱ የታወቀ የለም። የሩቢኔት ናስ መዳቡ 60 አካባቢ ይወርዳል፣ እርሳስም ይገባበታል። የራዲያተር ናስ ላይ ስታኞ ተለጥፏል። ስለዚህ ንጹሕ የቀለሃ ክምር በእጅህ ካለ ግማሹ ሥራ አልቋል፤ አንተ ያለህ ግን ንጹሕ ክምር አይደለም።

መጀመሪያ ማግኔት ያዝ። ከተበላሸ የድምፅ ማጉያ የወጣ ይበቃል። ቀለሃውን ሰፌድ ላይ በስሱ ዘርግተህ ማግኔቱን በላዩ ላይ ቀስ አድርገህ አሳልፍ፣ ከዚያ አገላብጠህ ድገመው። ብዙ የክላሽ ቀለሃ ብረት ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቫርኒሽ የተቀባው በዓይን ይታወቃል። የሚያታልለው መዳብ ወይም ናስ የተለበጠው ነው፤ ከላይ ሲያዩት ናስ ነው፣ በሞረድ ጠርዝ ሲጭሩት ግራጫ ብረት ይወጣል። ናሱ ከ915 እስከ 955 ዲግሪ ባለው ይቀልጣል፤ ብረት ግን 1,500 ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥቂቱ ናሱ ውስጥ ይሟሟል፣ የቀረው ሳይቀልጥ ይንሳፈፋል። ሞረድህን የሚሰብረው ጠጠር እሱ ነው።

ቀጥሎ አረር። ከኢላማ ሜዳ የተጠረገ ክምር ውስጥ የአረር ልባስ ቁርጥራጭ አይጠፋም። ልባሱ ብዙ ጊዜ 90 በመቶ መዳብ ስለሆነ ናሱን ወደ ቀይ ይጎትታል፣ በውስጡ ደግሞ እርሳስ ተጣብቆ ይመጣል። ቀዩ መስቀልህ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ጉጠት

ጋሼ ወናፍ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ከማግኔቱም በፊት የሚቀድም ነገር አለ። እያንዳንዱን ቀለሃ፣ አንድም ሳትዘሉ፣ በአፉ በኩል በባትሪ መብራት አይታችሁ ውስጡ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። በጅምላ ከማዳበሪያ ወደ ማቅለጫ የሚገለበጥ ነገር የለም።

ካፕሱሏ ላይ የመርፌ ጉድጓድ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ተመትቶ ያልፈነዳ ጥይትም ያው ጉድጓድ አለው። አረር የሌለው የልምምድ ጥይትም አለ፤ አፉ እንደ እንቡጥ ተጣጥፎ የተዘጋ ነው። ከተተኮሰ እንቡጡ ፈክቶ ይታያል። ካልፈካ ባሩዱ ውስጡ ነው። አረሩ ወልቆ ባሩዱ የፈሰሰ፣ ካፕሱሏ ግን ያልተመታች ቀለሃም ይገኛል፤ ይህቺ ከሰል ላይ ስትገባ ትፈነዳለች፣ የቀለጠ ናስ ፊት ላይ ትረጫለች።

እንዲህ ያለ ሲገኝ አትምቱት፣ አታፍርሱት፣ ካፕሱሏንም ለማውጣት አትሞክሩ። ያልተተኮሰ ጥይት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመለከተው ነገር ነው፤ ለብቻው አስቀምጣችሁ ለፖሊስ አሳውቁ። ከሜዳ የሚለቀም ደግሞ ጭራሽ ይቅርባችሁ። የመድፍ ቀለሃ ነው ተብሎ የተነሣው ነገር ያልፈነዳ ሊሆን ይችላል። ልጆች «ለቅመን መጣን» ብለው ሲያመጡም አትግዙ፤ ከገዛችሁ ነገም ይሄዳሉ።

ሞረድ

ትንሽ ልከራከር። አባቶቻችን ያገኙትን ናስ ሁሉ አንድ ላይ አቅልጠው ነው ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ የምናየውን መስቀል የሠሩት። የተሰበረ የናስ ዕቃ፣ የሰንሰለት ቁራጭ፣ ቀለሃ፣ ሁሉም ገብቶበት ያምራል። በየዓይነቱ መለየት ለፋብሪካ እንጂ ለእጅ ሥራ አስፈላጊ አይመስለኝም።

ወናፍ

ሞረድ፣ አንድ መስቀል አንድ ጊዜ ለሚያፈስ ሰው አባባልህ ትክክል ነው። የራሱን ቀለም ይዞ ይወጣል፣ ማንም ከሌላ ጋር አያስተያየውም። ጠያቂው ግን ጸናጽል ነው የሚሠራው። ክፈፉ ዛሬ፣ ዝርጎቹ በሳምንቱ ይፈስሳሉ፤ በአንድ እጅ ላይ ግን አብረው ይታያሉ። ስድስት ጸናጽል ለአንድ ደብር ሲታዘዝ ደግሞ ስድስቱም እኩል መጮህ አለባቸው። የድሮዎቹም ቢሆኑ ቁርጥራጩን በቀለሙና በስብራቱ እያዩ ይመርጡ ነበር እንጂ ዝም ብለው አልጨመሩም።

ዘጌ ማዶ

አለያየቱን በሚዛን ማጥበቅ ይቻላል። 0.1 ግራም የሚያነብ የወርቅ ሠሪ ሚዛን ያስፈልጋል።

መጀመሪያ በቁመት ለዩ፤ ካሊፐር ከሌለ ማስመሪያ ይበቃል። 39 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው የክላሽ ነው። 45 ገደማ የሆነው ቀጭኑ የ5.56 ነው (ቁጥሩ የጠመንጃው አፈሙዝ ልክ በሚሊሜትር ነው)። 51ዱ የኔቶ 7.62 ነው። 54 ገደማ ሆኖ ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ከንፈር ያለው የሩሲያው፣ የመትረየሱ ነው። 57ቱ የመውዘር፣ 63ቱ የድሮው የአሜሪካ ኤም 1 ጠመንጃ ነው። ከዚያ ቂጡ ላይ ያለውን ማኅተም እያያችሁ አንድ ዓይነት ማኅተም ያላቸውን አንድ ላይ አድርጉ።

አሁን ከአንዱ ቡድን 20 ቀለሃ አንሡና በአንድነት መዝኑ፣ ለ20 አካፍሉ። የኔቶ 7.62 ባዶ ቀለሃ ከ11 እስከ 12 ግራም ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ83 እስከ 91 ቀለሃ ይፈልጋል። ከዚያ አንድ በአንድ መዝኑ። አንድ ማኅተምና አንድ ዓመት ያላቸው እርስ በርሳቸው የሚለያዩት በጥቂት አሥረኛ ግራም ነው። ከአማካዩ ግማሽ ግራም የሚርቀውን ለብቻ አስቀምጡ። ከብዶ የተገኘው ውስጡ ጭቃ፣ ውሃ ወይም ያልተቃጠለ ባሩድ ይኖረዋል። ቀልሎ የተገኘው አንገቱ የተሰበረ ወይም የሌላ ፋብሪካ ነው።

ውጭ አገር ኢላማ ተኳሾች ቀለሃን እንዲሁ በሚዛን ይለያሉ። የእነሱ ምክንያት ሌላ ነው፦ ውጪው ልኩ እኩል ከሆነ፣ የከበደው ቀለሃ ግድግዳው ወፍሮ የውስጥ ቦታው ይጠባል፣ ግፊቱም ይለወጣል። ለእኛ ግን ሚዛኑ የሚጠቅመው የተደበቀ ባዕድ ነገር ስለሚያጋልጥ ነው።

ሰምና ናስ

እህቴ ዘጌ ማዶ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ፦ ብዙዎቹ ቀለሃዎች አንገታቸው ላይ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የመሰለ ጥላ አላቸው። ሌላ ብረት ነው? ልጣላቸው?

ዘጌ ማዶ

አትጣል። ፋብሪካው አንገቱን ብቻ በእሳት አለስልሶት ነው፤ ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ። ናሱ ያው ነው። ውትድርናው ጥላውን ሳያጸዳ ይተወዋል፣ ለሲቪል የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ይወለወላል።

የሚጣለው ነጭ ኒኬል የተለበጠውና እንደ ላባ የቀለለው አሉሚኒየም ነው። ሁለቱም ማግኔት አይዛቸውም፤ በዓይን ነው የሚለቀሙት። ጥቂት አሉሚኒየም ናሱ ውስጥ ከገባ ላዩ ላይ የማይሰበር ስስ ቆዳ ይሠራል፣ ቅርጹ ውስጥ ሲፈስስ ይህ ቆዳ ይታጠፍና መስቀሉ ላይ መስመር ሆኖ ይቀራል።

ጉጠት

ስለ ካፕሱሏ ማንም አልመለሰም።

ቀለሃውን ከውስጥ በመብራት እይ። መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለው የተተኮሰችው ካፕሱል በቀላሉ ትወጣለች፦ ቂጡን ቀዳዳ ያለው ጣውላ ላይ አስቀምጠህ፣ ጫፉ የተደፈጠጠ ቀጭን ምስማር ከአፉ አስገብተህ አንዴ ቀስ ብለህ ምታ። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ጎንና ጎን ካለው ግን በምስማር አትወጣም፤ መሃሉ ድፍን ነው። የሩሲያና የምሥራቅ አውሮፓ ሥራ አብዛኛው እንዲህ ነው። እሱን ቂጡን በብረት መጋዝ ቆርጦ ለብቻ ማከማቸት ነው። ይህ ሁሉ መፈንዳቷ በተረጋገጠ ካፕሱል ላይ ብቻ።

ካፕሱሏ የቀለሃውን 3 በመቶ ገደማ ብትመዝን ነው፤ ሽፋኗም ናስ ወይም መዳብ ስለሆነ ለቀለም ብዙም አትጎዳም። የሚያሳስበው በውስጧ የተቃጠለው ቅሪት ነው፦ እርሳስ፣ አንቲሞኒ፣ ባሪየም። መስቀል የሚሳለሙት ነገር ነው። ሕዝብ በከንፈሩ የሚነካው፣ ሕፃን ግንባሩ ላይ የሚያርፍበት ዕቃ እርሳስ እንዳይኖርበት መልፋት ተገቢ ነው። የተቆረጡትን ቂጦች ለበር እጀታ፣ ለመቅረዝ እግር አውሏቸው።

የድሮ ጠመንጃ ቀለሃ፣ የውጅግራ ወይም የቀድሞው ቤልጂግ፣ ከተገኘ አታቅልጡት። አንዳንዱ የድሮ ካፕሱል ሜርኩሪ ነበረበት፣ ሲቀልጥ በእንፋሎት ይወጣል። ከዚያም በላይ ታሪክ ነው፤ ባለበት ይቀመጥ።

ወናፍ

አሁን እሳቱ።

ዚንክ ብቻውን በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ናሱ ገና ሳይቀልጥ ማለት ነው። መዳቡ ይዞት እንጂ ሁሉም ይተን ነበር። ማቅለጫው አፍ ላይ እንደ ጥጥ ብን ብን የሚል ነጭ ነገር ካየህ ዚንክህ እየሄደ ነው። ዚንክ በሄደ ቁጥር ናሱ ወደ ቀይ ይሄዳል፦ 30 በመቶ ያለው ቢጫ ነው፣ 20 ያለው ወርቃማ፣ 10 ያለው ቀይ ቡናማ። ንጹሕ ክምርም ቢሆን ንፋሱን ከፍቶ የረሳው ሰው እጅ ላይ ይቀላል።

መጀመሪያ ቀለሃው ይድረቅ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የተፈተሸውን ቀለሃ ምጣድ ላይ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ያደርቀዋል። በክረምት ይህን መዝለል አይቻልም። ቦታ እንዳይፈጅ ብላችሁ በመዶሻ አትጨፍልቁት፤ የተጨፈለቀ ቀለሃ ውሃ ውስጡ ይይዛል፣ የቀለጠ ናስ ውስጥ ሲገባ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ናሱን ወደ ላይ ይረጨዋል።

ከዚያ ማቅለጫውን ባዶውን አግል። ግማሹን ቀለሃ ጨምር፣ በላዩ የከሰል ብናኝና ትንሽ ቦራክስ (ቆሻሻውን የሚሰበስብ ነጭ ዱቄት) አልብሰው። ቦራክስ ከሌለ የተፈጨ የጠርሙስ ስባሪ ይሠራል። የቀረውን በጉጠት፣ አስቀድመህ አሙቀህ፣ ጥቂት በጥቂት ጨምር። 1,050 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አፍስስ። መለኪያ ከሌለ፦ ነጭ ጭሱ በዝቶ ብሩህ ነበልባል ከላዩ ሲነሣ አልፏል፣ ንፋሱን ዝጋ።

ቀለም እንዲገጥም የሚያደርገው ግን ይህ ነው። ለአንድ ትእዛዝ የሚበቃውን ቀለሃ ሁሉ በአንድ ቀን አቅልጠህ ትንንሽ ጥፍጥፍ አድርገህ አፍስስ፤ ከእያንዳንዱ ዙር የወጣውን ምልክት አድርግበት። መስቀል ወይም ጸናጽል ስታፈስስ ከየዙሩ እኩል እኩል ውሰድ። የአንዱ ዙር ጉድለት በሌላው ይካካሳል። ከመቅለጡ በፊትና በኋላም መዝን፤ 2,000 ግራም ገብቶ ቆሻሻው 15 ግራም ሆኖ 1,950 ከወጣ፣ የጎደለው 35 ግራም አብዛኛው ዚንክ ነው። ያንን ያህል ንጹሕ ዚንክ ልታፈስስ ስትል በጉጠት ወደ ታች ደፍቀህ መመለስ ትችላለህ።

ሞረድ

ዚንኩን ከባትሪ ድንጋይ ቆዳ ማግኘት ይቻላል?

ወናፍ

አይሆንም። በተለይ የድሮው ባትሪ ድንጋይ ሜርኩሪና ካድሚየም ነበረበት። ካድሚየም በጭስ ሲገባ ሳንባ ያበላሻል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዚንክ ከሚጨመር ናሱ ትንሽ ቢቀላ ይሻላል።

ጉጠት

ስለ ጭሱ አንድ ነገር። የዚንክ ጭስ የሳበ ሰው ወዲያው ምንም አይሰማውም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይላል። ወባ ያለበት አገር ስለሆነ ወባ ነው ተብሎ ይታለፋል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል፤ ትንፋሽ ካጠረ ግን ሐኪም ቤት ነው። ለሐኪሙም ናስ ስታቀልጡ እንደዋላችሁ ንገሩ፣ የወባ ምርመራውም ይደረግ።

«ወተት ጠጥቶ ማቅለጥ ነው» የሚባለው አይከላከልም። ወተት ሆድ ውስጥ ነው፣ ጭሱ ሳንባ ውስጥ። የሚያድነው ሜዳ ላይ ማቅለጥና ነፋሱን ከጀርባ ማድረግ ነው። ጣና ዳር ነፋሱ ከቀን ወደ ማታ አቅጣጫ ይለውጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሲዞር እናንተም ዙሩ።

ዘጌ ማዶ

ድምፁ ላይ ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው በውስጡ የተቀበረ አየር ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ስኒ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ዝርጉን በክር አንጠልጥላችሁ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፣ ታችም ጎንም ሳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የዝርጉ ይዘት ነው፣ በሚሊሊትር። 85 ግራም የሚመዝን ድፍን የቀለሃ ናስ 10 ገደማ ያሳያል፣ ሲካፈል 8.5 ነው። 10.6 ካሳየ 8.0 ብቻ ይሆናል፤ ውስጡ ባዶ ጉድጓዶች አሉ፣ የታፈነውም ለዚያ ነው። እንዲህ ያለው ተመልሶ ይቅለጥ። ከክሩ ጋር የተጣበቀች የአየር አረፋ ካለች በጣት አራግፏት፤ ልኩን ታበላሻለች።

ሁለተኛው ልስላሴ ነው። ከቅርጽ የወጣ 70/30 ናስ ለስላሳ ነው፣ ድምፁም ለስላሳ ነው። ዝርጉን 2 ሚሊሜትር አድርጋችሁ አፍስሱና በመዶሻ ቀጥቅጣችሁ ወደ 1 ሚሊሜትር አውርዱት። መሃል ላይ ሲጠነክር ጨለማ ውስጥ ደብዛዛ ቀይ እስኪታይ አግላችሁ አለስልሱት፣ ከዚያ ቀጥሉ። የመጨረሻው ቅጥቀጣ ግን ሳይለሰልስ ይቅር፤ የሚያስጮኸው እሱ ነው።

ወናፍ

እህቴ ያለችው ላይ የምጨምረው አለኝ። ተቀጥቅጦ የተተወ የቀለሃ ናስ በውስጡ ውጥረት ይይዛል። ያ ውጥረት ያለበት ናስ አሞኒያ ሲያገኘው ከጊዜ በኋላ ራሱ ይሰነጠቃል። እንግሊዞች ህንድ ውስጥ በፈረስ ጋጣ አጠገብ ያከማቹት ጥይት በክረምቱ ወራት ቀለሃው እየተሰነጠቀ ያስቸገራቸው በዚህ ነው፤ አሞኒያው ከፈረሱ ሽንት ነበር። የእኛም ዕቃ ቤቶች የሌሊት ወፍ አያጣቸውም፣ የሌሊት ወፍ ኩስ ደግሞ አሞኒያ ያመነጫል።

መድኃኒቱ ድምፁን አይወስድም። የተጠናቀቀውን ዝርግ በ250 ዲግሪ አንድ ሰዓት ማቆየት ነው። ጥንካሬው ይቀራል፣ ውጥረቱ ይሄዳል። የዳቦ ቤት ምድጃ ዳቦው ከወጣ በኋላ ይህን ሙቀት ይዞ ይቆያል።

ሰምና ናስ

ጋሼ ወናፍ፣ ያስተማሩኝን ሁሉ ጽፌ ይዣለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ቀለሃውን ከመቅለጡ በፊት በሎሚ ጭማቂ ዘፍዝፌ አሳድራለሁ። ጠዋት ሲወጣ ሮዝ ይሆናል። ጥሩ ነው? ሰሙንስ በስንት አባዝቼ ናሱን ልገምት?

ወናፍ

ሮዙ ጥሩ አይደለም። ላዩ ላይ መዳብ ብቻ ቀርቶ ነው፤ አሲዱ ዚንኩን መርጦ በልቶታል፣ የተሟሟውም መዳብ ተመልሶ ተለብጦበታል። በተለይ ብረት አብሮ ከተዘፈዘፈ ይብሳል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቢጫው ጥርት ሲል አውጥተህ በብዙ ውሃ አለቅልቀው፣ አድርቀው።

ሰሙን መዝነህ በ9 አባዛው፤ የማር ሰም ከውሃ ጥቂት ይቀላል፣ ናሱ ከውሃ 8.5 እጥፍ ይከብዳል። የማፍሰሻውን ጉሮሮ ሰም አብረህ መዝን። ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛ ጨምርበት፤ ማቅለጫው ግድግዳ ላይ የሚቀረው አለ። 20 ግራም ሰም 180፣ ከጭማሪው ጋር 216 ግራም ናስ ማለት ነው፤ ከኔቶው ቀለሃ 19 ገደማ።